አብዶሽና ጎርፍ የተባለው ቡድናችን

አብዶሽ መሞቱን የሰማሁት ድሬዳዋ፣ ታይዋን ገበያ ውስጥ ጫማ እየለካሁ ነው። የሱቁ ባለቤት ጀማል የድሮ ቡድናችን የቀኝ ክንፍ ተጫዋች ነበር። አንዱን እግሬን ጫማው ውስጥ ከትቼ ሌላውን ሳነሳ፣ «አብዶሽን ትናንት ቀበርነው፤ አልሰማህም እንዴ?» አለኝ።

አልሰማሁም ነበር። ልጄን ልጠይቅ አዳማ ከርሜ ገና በዚያው ጠዋት መግባቴ ነው። ጀማል ሌላኛውን ጫማ በእጁ እንደያዘ አጠገቤ ተቀመጠ።

«እንዴት ሞተ?» አልኩት።

«ቁጭ ብሎ።»

«አብዶሽ?»

«ዋላሂ፣ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ። ፋጡማ ሻሂ ልታመጣለት ገብታ ስትወጣ አልፏል። ለቀስተኛው ሁሉ መሞቱን አምኖ መቀመጡን አላመነም።»

ጫማውን ሳልገዛ ወጣሁ። የራሴን ጫማ ማሰሪያ እንኳ በወጉ ሳላስር አብዶሽ ወደሚኖርበት ሠፈር፣ ወደ መጋላ፣ መንገድ ጀመርኩ። እየሄድኩም ስለዚያ ሰው ለማያውቀው ሰው ምን ብዬ እንደምናገር አስብ ነበር፤ ምክንያቱም ዛሬ ድሬዳዋ ውስጥ ጎርፍ የሚባል የእግር ኳስ ቡድን እንደነበረ የሚያስታውስ ሰው ከጥቂት ሽማግሌዎች በቀር የለም።

አብዶሽ ልብስ ሰፊ ነበር። ሙሉ ስሙ አብዱላሂ ነው፤ አብዱላሂ ብሎ የጠራው ሰው ግን አላጋጠመኝም። መጋላ ውስጥ አንድ ጠባብ በረንዳ ላይ የስፌት መኪናውን አስቀምጦ ሱሪ ያሳጥራል፣ ኮት ይገለብጣል፣ የተማሪ ዩኒፎርም ይሰፋል። ቀጭንና ረጅም ነው። ክረምት ከበጋ ሽርጥ ያገለድማል፣ አንገቱ ላይ ሜትር አንጠልጥሎ ይውላል። ስፌት ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው፤ እሱ ግን የመኪናውን እግሮች በብሎኬት ከፍ አድርጎ አንድ እግሩን መርገጫው ላይ፣ አንዱን መሬት ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር የሚሰፋው። ሁለት መስመር ሰፍቶ መንገዱን ያያል፣ ሁለት ሰፍቶ ደግሞ በረንዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይዞረዋል። ሚስቱ ፋጡማ፣ «ይኼ ሰውዬ ተኝቶም ይሄዳል፤ አንሶላውን ጠዋት ጠዋት ከበር ስር ነው የማነሳው» ትል ነበር። ድሬዳዋ ውስጥ አንቱታ ብዙም አይታወቅምና እኛም፣ በዕድሜ አጎታችን የሚሆነውን ሰው፣ አንተ ነበር የምንለው።

እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ግርማ እባላለሁ። አባቴ ከሸዋ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው። ሠፈራችን ደቻቱ ዳር ነበር። ደቻቱን ለማያውቅ፣ ስሙ ወንዝ ነው እንጂ ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው። ከተማው ፀሐይ እየመታው፣ አንድ ጠብታ ሳይወርድ፣ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በድንገት ይደርስና ያገኘውን ጠርጎ ይሄዳል። «ጎርፍ መጣ» የሚል ድምፅ ሲሰማ ሁሉም ሰው ልጁንና ፍየሉን ይዞ ወደ ዳር ይሮጣል። በቀረው ጊዜ አሸዋው የእኛ የጎረምሶቹ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ወርደን በባዶ እግራችን ኳስ እንጫወታለን።

አብዶሽ የሰፋውን ልብስ ለደንበኞቹ ለማድረስ ወደ ከዚራ ሠፈር ሲሻገር ያየናል። መጀመሪያ ላይ ከዳር ሆኖ ነበር የሚጮኸው። «አትቁም አቦ፤ ኳስ ስትሄድ ከቆምክ ተመልካች ነህ፤ ተመልካች ደግሞ ትኬት ይቁረጥ» ይለናል። እኛ እንስቃለን። አንድ ቀን መታገሥ አቅቶት ቁልቁለቱን ወረደ፣ የተተኮሰ ልብስ የያዘ ጥቅሉን ለእኔ አሳቀፈኝና ሌሎቹን በየቦታቸው ያቆማቸው ጀመር። ረጅሙን ተስፋዬን መሀል ተከላካይ አደረገው። ጀማልን «አንተ ሩጥ እንጂ አታስብ» ብሎ ክንፍ ላይ ወረወረው። ሮብሌ የሚባል፣ አባቱ እንደ አባቴ ባቡር ላይ የሠራ፣ የኢሳ ሶማሌ ልጅ ነበር። እጁ ሰፊ ነው፣ ወሬ አያበዛም። ጎሉን ለእሱ ሰጠው። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረና ጥቅሉን እንዴት እንዳቀፍኩት አየ፤ ልብሱን ላለማጨማደድ ደረቴ ላይ አስጠግቼ ይዤዋለሁ። «አንተም በረኛ ነህ» አለኝ። እንዲህ ሆኜ ነው ሁለተኛው በረኛ የሆንኩት። ቡድኑ እስኪፈርስም ሁለተኛ እንደሆንኩ ቀረሁ፤ ከሮብሌ እንደማልበልጥ ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም ነበር።

በዚያው ክረምት ደቻቱ መጥቶ የጎል ቋሚዎቻችንን ወሰደ። አብዶሽ ውሃው እንደጎደለ አሸዋውን ተከትሎ ወደታች ሄደ። ከሰዓት በኋላ አንዱን እንጨት በትከሻው ተሸክሞ፣ ሽርጡ እስከ ወገቡ ጭቃ ሆኖ ተመለሰ። «የቡድናችን ስም ጎርፍ ነው» አለን። «ለምን?» ስንለው «ሲመጣ ሰው ሁሉ ስለሚነሳ» አለን፤ ሌላ ማብራሪያ አልሰጠም። ከፋብሪካ ጉድለት አለበት ተብሎ የወጣ ሰማያዊ ጨርቅ ጣቃ ገዝቶ ማሊያ ሰፋልን። ደረቱ ላይ ከነጭ ጨርቅ ቆርጦ ጎርፍ የሚሉትን ሦስት ፊደላት ለጠፈበት።

የከተማው ሁለተኛ ዲቪዚዮን ውስጥ ስንገባ ሜዳ የሌለን ብቸኛ ቡድን እኛ ነበርን። አሸዋው ላይ ስንለማመድ ጎርፍ ያስነሳናል፤ ባቡር ጣቢያው ጀርባ ስንሄድ ዘበኛ ያባርረናል፤ ሳቢያን ሠፈር ስንደርስ ቦታው ለግንባታ ተከልሏል። አብዶሽ በዚህ ተማሮ አያውቅም፤ እንዲያውም አንድ ቦታ ስንለምድ ነበር የሚከፋው። ጎህ ሲቀድ በየቤታችን እየዞረ መስኮት ይቆረቁራል። የተስፋዬ እናት ቀድመው ይነሱና «ልጄን ዛሬ እንኳ ተወው» ይሉታል፤ እሱም «እሺ እናቴ» ይልና መቆርቆሩን ይቀጥላል። ሲያሞግሰን በኦሮምኛ፣ ሲቆጣን በሶማሊኛ፣ ሲያስረዳን በአማርኛ ነበር። በሐረሪኛ የሚያወራው ከራሱ ጋር ብቻ ነው።

ይህን የማውቀው ተጠባባቂ ስለነበርኩ ነው። በአብዶሽ ቡድን ተጠባባቂ አይቀመጥም። ጨዋታው እስኪያልቅ መስመሩን ከእሱ ጋር እየተከተልን እንሄዳለን። ሌሎቹ ተጠባባቂዎች ተቀይረው ይገባሉ፤ ሮብሌ ስለማይቀየር እኔ ሁልጊዜ ከአብዶሽ ጎን ነበርኩ። ኳስ ወደ እኛ ጎል ሲቀርብ ክንዴን ጨምድዶ ይይዛል። ጎል ስናገባ አይዘልም፤ ወዲያው ጀርባውን አዙሮ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል። አንድ ጊዜ፣ «ለምን ትንሽ አታርፍም?» ብዬው «ካረፍኩማ አያለሁ» አለኝ። አልገባኝም። ቆይታ ነገሩን የነገረችኝ ፋጡማ ናት። በልጅነቱ እግሩን ታሞ ዓመት አልፎት አልጋ ላይ ተኝቶ ነበር። ከግንቡ ወዲያ እኩዮቹ ኳስ ሲጫወቱ ድምፃቸውን ይሰማ ነበር። ሲድን ግን ኳሱን ለመጫወት ጊዜው አልፎበት፣ የስፌት ሙያ እንዲማር ተሰጠ። «ከዚያ ወዲህ ቁጭ ማለት ለእሱ መታመም ነው» አለችኝ።

ከዚያ የሶማሊያ ጦርነት መጣ። ከተማው ደጃፍ ድረስ ደረሰ። ቀበሌው ምሽግ የሚሞላ አሸዋ ሲጠይቅ የት እንዳለ የምናውቀው እኛ ነበርን። ጎርፍ በሙሉ ደቻቱ ወርዶ የሚሮጥበትን ሜዳ በአካፋ እየዛቀ በጆንያ ሞላ። ሮብሌ እንደማንኛችንም ጆንያ በጀርባው ተሸክሟል፤ ቁስለኛም ሲመጣ ከመኪና አውርዷል። ከቡድናችን የሞተ ሰው ባይኖርም የተስፋዬ ታላቅ ወንድም ሚሊሺያ ሆኖ ዘምቶ ጅጅጋ አካባቢ ወደቀ። ለቅሶው ላይ አብዶሽ ከድንኳኑ በር እስከ መንገዱ ሲመላለስ ነው የዋለው። ተስፋዬ ወደ ሜዳ ተመለሰ። ከሮብሌ ጋር ግን ሜዳ ውስጥ «ልቀቅ»፣ «ያዝ» ከመባባል በቀር አይነጋገሩም ነበር። ማንም ምክንያቱን አልጠየቀም።

ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ባለው ዓመት ጎርፍ ከመቼውም በላይ ጎበዘ። ምክንያቱ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ምናልባት ሁላችንም እንደ አብዶሽ መቀመጥ አቅቶን ነበር። ሰዓት እላፊው ሳይደርስ፣ ስብሰባው ሳይጠራ፣ ለዘመቻ ሳንመዘገብ በሚል ጥድፊያ እንጫወታለን። የመጨረሻው ጨዋታ ከአንድ የፋብሪካ ቡድን ጋር ስታዲየም ውስጥ ሊሆን ሆነ። ያሸነፈ አንደኛ ዲቪዚዮን ይገባል።

ጨዋታው ሦስት ቀን ሲቀረው የቀበሌው ሊቀመንበር ጓድ ንጉሤ ወደ አብዶሽ በረንዳ መጣ። እኔ የተቀደደ የበረኛ ሱሪ ላሰፋ እዚያው ነበርኩ። ንጉሤ ክፉ ሰው አልነበረም። የእኛን ጨዋታ ሁሉ ይመለከት ነበር። ያን ቀን ግን ዓይኑን ከስፌት መኪናው ላይ አላነሳም።

«አብዶሽ፣ በረኛህን ቀይር።»

«ምን ሆነ?»

«ምን እንደሆነ ታውቃለህ። የልጁ አጎት ወዲያ ማዶ፣ ሶማሊያ፣ ተሻግሯል። በሕዝብ ፊት፣ በስታዲየም፣ እሱ ቆሞ ሲጨበጨብለት ጥሩ አይደለም ተብሏል።»

«አጎቱ ለእኔ አይጫወትም።»

«ቀልድ አይደለም አብዶሽ። ከበላይ የመጣ ነው፤ እኔም ታውቀዋለህ ተብዬ ነው የተላክሁት። ልጁ ከተሰለፈ ቡድኑ ይሰረዛል። ደግሞ ምን ቸገረህ፣ ሌላ በረኛ አለህ» ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። «ግርማም ደህና በረኛ ነው።»

አብዶሽ አየኝ። እኔ መሬት አየሁ። ያቺን ጨዋታ መጫወት እፈልግ ነበር፤ አልዋሽም። ስታዲየም ውስጥ አንድም ቀን ጎል ስር ቆሜ አላውቅም። አብዶሽ ሱሪዬን ጨርሶ ክሩን በጥርሱ በጠሰና ሰጠኝ። ንጉሤ ሄደ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ አሸዋው ላይ ሰበሰበን። ክብ ሠርተን ተቀመጥን፤ እሱ ከኋላችን እየዞረ ነገሩን ከነጓዙ ነገረን። «ቡድኑ ሊፈርስ ይችላል። እኔን ሊያስሩኝ ይችላሉ። እናንተንም የሚተዋችሁ አይመስለኝም። የሚፈራ አሁን ተነስቶ ይሂድ፤ ዋላሂ አልቀየምም» አለ።

አንድ ልጅ ተነስቶ ሄደ። አብዶሽ ከጀርባው «በሰላም ግባ» አለው እንጂ ሌላ አልተናገረም፤ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ልጅ የሠርግ ሱፍ የሰፋለትም እሱ ነው።

ሮብሌ ተነሳ። «እኔ ልውጣ። ለአንድ ሰው ተብሎ ይኼ ሁሉ...»

«ወርያ፣ አንተን ማን ጠየቀህ?» አለው አብዶሽ። «ተቀመጥ።» ከዚያ ዞሮ ዞሮ ተስፋዬ ጀርባ ሲደርስ እርምጃውን ቀነስ አደረገ። ሁላችንም የምንጠብቀው የተስፋዬን መልስ ነበር። አምበላችን እሱ ነው፤ ወንድሙ የሞተበትም እሱ ነው።

ተስፋዬ አሸዋ እያፈሰ በጣቶቹ መሀል ያወርድ ነበር። «ወንድሜን የገደለው ሮብሌ አይደለም» አለ ቀስ ብሎ። ይህን ከመናገሩ በፊት ለብዙ ጊዜ ሲያስበው እንደኖረ ድምፁ ያስታውቅ ነበር። «እሁድ ለኳስ ስዘል ከኋላዬ ማን እንዳለ ማወቅ እፈልጋለሁ። እኔ የማውቀው እሱን ነው። እሱ ከሌለ እኔም መሀል አልቆምም።»

«እኔም አልገባም» አልኩ።

«አንተንም አልጠየቅኩህም» አለኝ አብዶሽ። ግን እያለፈ ራሴን በመዳፉ ነካ አደረገኝ።

እሁድ ስታዲየሙ ሞልቶ ነበር። ሮብሌ ከቡድኑ ጋር ሲገባ የክብር ወንበሮቹ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ተጠጋግተው ተንሾካሾኩ፤ ነገር ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ጨዋታውን ማስቆም አልፈለጉም። አብዶሽ መስመሩ ላይ መራመድ ጀመረ፤ እኔም ተከተልኩት። ገና ሳንሞቅ ሮብሌ በቀላሉ የሚያዝ ኳስ በእግሮቹ መሀል አሳለፈ። ከአንድ ጥግ «ሆን ብሎ ነው» የሚል ድምፅ መጣ። አብዶሽ ክንዴን ጨምድዶ ይዞ በሐረሪኛ ለራሱ የሆነ ነገር አለ። ሮብሌ ኳሷን ከመረቡ አውጥቶ ለረጅም ጊዜ ደረቱ ላይ ይዟት ቆመ። ተስፋዬ ከመሀል ሮጦ መጣና ኳሷን ከእጁ ወሰደለት፤ ጆሮው ስር የሆነ ነገር ነገረው። ምን እንዳለው ሁለቱም ለማንም ተናግረው አያውቁም።

ከእረፍት በፊት ተስፋዬ ከኮርና የተሻገረች ኳስ በጭንቅላቱ ገጭቶ አቻ አደረገን። ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ጀማል ሳያስብ ሮጦ ሁለተኛዋን አገባ። መጨረሻው ሲቃረብ ዳኛው ሪጎሬ ሰጡብን። አብዶሽ መቺውን ማየት አቅቶት ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረ። እኔ «ወደ ሮብሌ ግራ ነው የሚመታው» ብዬ በልቤ አሰብኩ። ሮብሌ ወደ ግራው ወደቀ፤ ኳሷንም ደረቱ ስር አገኛት። ከመሬት ያነሳው ተስፋዬ ነው። በሁለት እጁ ስቦ አነሳውና አቀፈው፤ ከተቃቀፉበትም ቶሎ አልተላቀቁም። ዳኛው እስኪቆጡ ድረስ።

አሸነፍን። አብዶሽ ደስ አለኝ ለማለት እንኳ ጊዜ አልነበረውም። ሕዝቡ ሳይበተን ሮብሌን በማሊያው ላይ ኮት አልብሶ ወደ ራሱ ቤት ወሰደው። ፋጡማ ስንቅ ቋጥራ ጠብቃቸዋለች። በማግስቱ ጠዋት ሮብሌ ከኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ጋር የጅቡቲን መንገድ ያዘ። ይህን ሁሉ አብዶሽ ከጨዋታው በፊት አዘጋጅቶት እንደነበር የገባን ያኔ ነው።

ሰኞ ከሰዓት አብዶሽን መጥተው ወሰዱት። «በረኛው የት ገባ?» ተብሎ ሲጠየቅ «በረኛ ከጎል ሲወጣ አሰልጣኙን አያስፈቅድም» ብሎ መለሰ ይባላል፤ ለዚህ መልስ ምን እንደከፈለ ግን የምታውቀው ጀርባውን ያየችው ፋጡማ ብቻ ናት። ቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ከረመ። ምግብ ስናደርስ ጥበቃው ያማርርብን ነበር። «ቁጭ በል ስለው እሺ ይለኛል፤ ዞር ስል ይነሳል። እሱ ሲዞር እስረኛው ሁሉ መዞር ጀመረ፤ ራሴን አዞሩኝ እኮ» ይለናል።

ጎርፍ ተሰረዘ። ያሸነፍነውም ጨዋታ እንዳልተደረገ ተቆጠረ። አብዶሽ ሲፈታ ንጉሤ ቢሮ አስጠራው፤ ማሊያዎቹን ይዘን እንድንመጣ ተነግሮን ጀማልና እኔ አብረነው ገባን። ንጉሤ ቀበሌው የራሱን ቡድን እንደሚያቋቁም፣ ማሊያዎቹ የሕዝብ ንብረት ሆነው ለዚያ ቡድን እንደሚሰጡ ነገረው። «አንተም አሰልጥነው። ያለፈው ያልፋል» አለው።

«ልብስ እሰፋላችኋለሁ» አለ አብዶሽ። «ቡድን ግን አልሰፋም።»

ንጉሤ አልገፋበትም። «እንግዲያው ያንን ስም አንሳልን» አለው። አብዶሽ ከኪሱ ምላጭ አወጣ። ከስቶ ነበር፤ ግን ጨርቁን አንድም ቦታ ሳይቀድ ከእያንዳንዱ ማሊያ ላይ ሦስቱን ፊደላት ፈታ። ክሩ እየተበጠሰ ሲወጣ ይሰማ ነበር። ጀማል ወደ ውጭ ወጣ። አብዶሽ ሲጨርስ ነጮቹን ቁርጥራጮች ጠረጴዛው ላይ ትቶ ተነሳ።

አዲሱ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ሲያደርግ አብዶሽን እንሂድ ብዬ የጎተትኩት እኔ ነኝ። ማሊያዎቹ ገና አዲስ ስም አልተሰፋባቸውም ነበር። ተጫዋቾቹ ሲገቡ ሕዝቡ ዝም ብሎ ያይ ነበር። ቀስ እያለ አንድ ጉርምርምታ ተነሳ። የድሬዳዋ ፀሐይ ለዓመታት ያንን ሰማያዊ ጨርቅ አንጥቶታል፤ ፊደላቱ ተለጥፈው የነበሩበት ቦታ ግን እንደ አዲስ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ቀርቷል። ከስታዲየሙ ማዶ ሆኖ እንኳ ይነበባል። በእያንዳንዱ ደረት ላይ ጎርፍ ይላል።

ከበላያችን የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ፣ ድምፃቸውን ሳያሰሙ ማለት ይቻላል፣ «ጎርፍ መጣ» አሉ። አጠገባቸው ያለው ሰው ሳቀ። ሳቁ ወደ ጎን ሄደ፣ ወደታች ወረደ፣ ዞሮ ሌላው ጥግ ደረሰ። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም፤ የሚያስቀውን ነገር ጮክ ብሎ የተናገረም የለም። የተከበሩት ሰዎች ብቻ ግራ ገብቷቸው ይተያዩ ነበር። አብዶሽን ሳየው ፊቱ ተለዋውጧል። «ይኼን አስበህበት ነው?» አልኩት። «እኔ ምን አገባኝ፣ ፀሐይ ነው የሠራው» አለና ከመቀመጫ መቀመጫ እየተሻገረ ወጣ። ስከተለው እንባውን በሜትሩ ጫፍ እየጠረገ ነበር። ለሁለተኛው ጨዋታ አዲስ ቀይ ማሊያ መጣ።

ከዚያ በኋላ ብዙዎቻችን ተበታተንን። እኔ እንደ አባቴ ባቡር ውስጥ ገባሁ፣ ተስፋዬ ለትምህርት ሄዶ አዲስ አበባ ቀረ። ብሔራዊ ውትድርና ሲመጣ ከጎርፍ ልጆች ሁለቱ ሄደው አልተመለሱም። አብዶሽ ዩኒፎርሙን እየሰፋ፣ በረንዳውን እየዞረ ኖረ። ማንም ቡድን ሲጫወት መስመሩ ዳር ሲመላለስ ይታይ ነበር። «የማን ደጋፊ ነህ?» ሲሉት «የደከመው» ይል ነበር።

መንግሥት ተለውጦ ባቡሩ እንደልብ ሰው ማመላለስ በጀመረበት ጊዜ ሮብሌ መጣ። ጅቡቲ ወደብ ላይ ሥራ አግኝቶ፣ አግብቶ፣ ወፍሮ፣ ግንባሩ ተመልጦ ነበር። ለገሃር ተቀብዬ በቀጥታ ወደ አብዶሽ በረንዳ ወሰድኩት። ፋጡማ ስታየው ተቀምጣ አለቀሰች። አብዶሽ ግን እጁን ይዞ መዳፉን ገልብጦ አየና «አሁንም ሰፊ ነው» ብሎ ወደ መኪናው ተመለሰ። ሻሂ ቀረበልን። ስለ ጅቡቲ ሙቀት፣ ስለ ልጆቹ አወራን። ከዚያ ሮብሌ ብርጭቆውን ሳይቀምሰው መሬት ላይ አስቀመጠ።

«አብዶሽ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያኔ እኔን ትተህ ግርማን ብታስገባ ቡድኑ ይኖር ነበር። አንደኛ ዲቪዚዮን ትገባ ነበር፤ አንተም ያ ሁሉ አይደርስብህም ነበር። እዚያ ሆኜ ይህን ሳስብ ሥራም አያሠራኝ። ለምን አልተውከኝም?»

አብዶሽ መርገጫውን ረገጠ። አንድ መስመር ሰፋ፣ ጨርቁን አዞረ፣ ሌላ መስመር ሰፋ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ «ሌላ በረኛ አልነበረኝማ» አለ።

ሮብሌ ወደ እኔ ዞረ። አብዶሽም ከመኪናው በላይ አየኝ። ከመጀመሪያው ቀን እስከ መጨረሻው የቡድኑ ሁለተኛ በረኛ ሆኜ የኖርኩት ሰው፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ተቀምጬ ሻሂ እጠጣ ነበር። በዚያን ሁሉ ዓመት አብዶሽ አንድ ነገር ሲለምነኝ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ የለመነኝም በዓይኑ ነው።

«እውነቱን ነው» አልኩ። «አልነበረውም።»

ሮብሌ ለረጅም ጊዜ ሁለታችንንም አየን። ከዚያ ትከሻው ቀስ ብሎ ወረደ፤ ብርጭቆውን ከመሬት አነሳና ሻሂውን መጠጣት ጀመረ።